ጆሮዬን መልሱልኝ

ጥፋቱ የአንድ ፊደል ነው። ባለቤቴ አስቴር «ባ»ን እና «ፓ»ን በቅጡ ለይታ ብትሰማ ኖሮ፣ እኔ ዛሬም አዳማ ውስጥ ከጎረቤቶቼና ከተማሪዎቼ በቀር ማንም የማያውቀኝ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ፣ ባጃጅ ውስጥ ጥጌን ይዤ በሰላም እሄድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤታችን ጀርባ የተጣበቀች ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት አለችን። የነበረው ተከራይ ወደ ሀዋሳ ሲዛወር ባዶ ቀረች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አስቴር ፊቷ በርቶ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ቤቷን አከራየኋት» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለልጆች። እንዴት ያሉ ጨዋዎች መሰሉህ! ሁለት ወንዶች ይኖሩባታል። አንዲት ሴት ደግሞ አለች፤ እሷ ቤቷ እናቷ ጋ ነው፣ ለሥራ ብቻ ነው ብቅ የምትለው።»

«ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ባንክ!» አለች፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ እያጣጣመች። «ሦስቱም ባንክ ናቸው።»

«ባንክ ናቸው» የሚለው ነገር ትንሽ ጎረበጠኝ። ሰው ባንክ ይሠራል እንጂ ባንክ አይሆንም። ግን ከአስቴር ጋር የሰዋስው ክርክር ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ባንኮቹ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው መጡ። እኔና አስቴር መጋረጃውን ገለጥ አድርገን ተመለከትን። መጀመሪያ ፍራሽ ወረደ። ቀጥሎ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ ትልቅ ጥቁር ሣጥን ወረደ።

«ካዝና ነው» አለች አስቴር በሹክሹክታ።

ከዚያ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ወረደ። ከዚያ የአይሱዙ ቸርኬ። ከዚያ አራት ክር ብቻ የቀረው ጊታር። አስቴር መጋረጃውን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«የገጠር ቅርንጫፍ ይሆናሉ» አለች።

አልነበሩም። ገመቹ የባጃጅ መካኒክ ነው፤ ሲሊንደሩንና ቸርኬውን እንደ ከበሮ የሚመታው እሱ ነው፤ «አካም ጋሼ!» ብሎ ሲጨብጠኝ እጄ እስከ ምሳ ሰዓት ግራሶ ግራሶ ይሸታል። ቢኒያም መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው፤ ረጅምና ዝግተኛ ነው፣ «ደህና አደሩ» የሚለውን እንኳ «ከምግብ በኋላ ሁለት ሁለት» እንደሚል ሰው ነው የሚናገረው። ሐያት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ጥቁር ሻርፗ ላይ ሠላሳ የሚሆን መርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። እኔ የሥራ ዕቃዋ መስሎኝ «አይወጋሽም ልጄ?» ብዬ አዘንኩላት። ለካ ጌጥ ነው።

«ፓንክ ነን ጋሼ» አለኝ ቢኒያም፣ ያን ዕለት።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ሙዚቃ ነው። ግን ብዙ ሲለማመዱት የሚበላሽ ሙዚቃ ነው።»

«ታዲያ ያን የድምፅ ማጉያ ሣጥን ያመጣችሁት ለመለማመድ አይደለም?»

ትንሽ አሰበ። «እስኪበላሽ ድረስ አንለማመድም» አለኝ።

የባንዱ ስም «ነገ ተመለሱ» ይባላል። መሥሪያ ቤት የሚያመላልሰው ሰው ሁሉ የሚሰማት ቃል ስለሆነች ነው የመረጧት። ችግሩ የታየው የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ሲለጥፉ ነው፤ «እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፦ ነገ ተመለሱ» ይላል። ሰዉ አነበበና ሰኞ መጣ። እሁድ ዕለት ሦስቱ አዳራሽ ውስጥ ለባዶ ወንበርና ለአንድ ዘበኛ ተጫውተው፣ ዘበኛውም «ድምፁን ቀንሱት» ብሏቸው ተበተኑ። ሰኞ ገመቹ እዚያ የተወውን ቸርኬ ሊወስድ ብቻውን ሲመለስ፣ መቶ የሚሆን ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ሮጦ ጓደኞቹን ጠራ። ሐያት የጀመረችውን ኮሌታ ማሽኑ ላይ ትታ፣ ቢኒያም በነጭ ጋውኑ መጡ። እነዚያ መቶ ሰዎች እስከ ዛሬ «እኛ የተመለስነው ነን» እያሉ ይኮራሉ፤ ባንዱ የሄደበት ሁሉ ይሄዳሉ።

ዘፈኖቻቸው? «ሲስተም የለም» የሚል አለ፤ አራት ደቂቃ ሙሉ ሌላ ቃል የለውም፤ እያንዳንዱ ግን በሌላ ዓይነት ንዴት ነው የሚባለው። «ፌስታል» የሚል ደግሞ አለ፤ የአዳማ ነፋስ ሞጆ ድረስ ይዞት ስለሄደ ፌስታል ነው፤ ዘፋኟ ሐያት «አንተ እንኳ ከአገር ወጣህ» እያለች ትቀናበታለች። እውነቱን ልናገር፤ «ፌስታል»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ በሆዴ ስቄአለሁ። በጆሮዬ ግን አለቀስኩ። ሰርቪሷ ከእኛ መኝታ ቤት የምትለየው በአንድ ግድግዳ ነዋ።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኔ አልጮህም። ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፣ አልችልም። ሃያ ሁለት ዓመት በመጻሕፍት መካከል ስንሾካሾክ ድምፄ እንደ አሮጌ ገጽ ሳስቷል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ማለት ስለማይሆንልኝ፣ ጎኔ የተቀመጠ ሰው ካልጮኸልኝ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። እንዲያውም ለጤናህ ጥሩ ነው ይሉኛል።

በሦስተኛው ቅዳሜ አስቴር እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች። «ሂድና አስቁማቸው። ወይ ሂድ፣ ወይ እኔ እሄዳለሁ። እኔ ከሄድኩ ደግሞ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ሄድኩ። አንኳኳሁ። አልሰሙም። ገባሁ። ሲያዩኝ በአክብሮት ተነሡ፤ ወንበር ሰጡኝ፤ ሻይ ቀዱልኝ። «ጋሼ፣ ዘፈኑ እንዴት ነው?» አሉኝ። «ጥሩ ነው» አልኳቸው። ሻዬን ጠጥቼ ተመለስኩ።

«አልካቸው?» አለች አስቴር።

«አንስቼላቸዋለሁ።»

ለሁለተኛ ጊዜ ላከችኝ። በዚህኛው ቆሎ በልቼ፣ ለ«ሲስተም የለም» አንድ ሐሳብ ሰጥቼ መጣሁ። አስቴር ከእግር እስከ ራሴ ቃኘችኝ። እኔም ልብ እንዳልገዛ ሰው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩና፣ ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ማጣበቅ ጀመርኩ። ለነገ ለቸርች የተተኮሰው ብቸኛው የክት ሱሪዬ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። በዚህ ጊዜ ገመቹ ሲሊንደሩን እንዴት እንደመታው አላውቅም፤ ግድግዳው ዘለለ፣ ጠረጴዛው ዘለለ፣ የኮላው ቆርቆሮ ተነሥቶ ሱሪዬ ላይ አረፈ።

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ራሴን ያገኘሁት የሰርቪሷ ደፍ ላይ ቆሜ ነው። ከአንገቴ በታች፣ ከሆዴም በታች፣ የት እንደነበረ ከማላውቀው ቦታ አንድ ነገር ወጣ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ጆሮዬን መልሱልኝ!»

ሙዚቃው ቆመ። የሰፈሩ ውሾች ዝም አሉ። ሦስቱ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ፤ እኔም ማን እንደጮኸ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

«ጋሼ» አለች ሐያት በመጨረሻ፤ እጇ ላይ ያለው ስልኳ ቀይ መብራት ያበራል። «ልምምዱን እየቀረጽኩ ነበር።»

በሳምንቱ ከሥራ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ አንድ ባጃጅ በአጠገቤ እያለፈ «ኧረ በሕግ አምላክ! ጆሮዬን መልሱልኝ!» አለኝ። ደነገጥኩ። ሌላው ተከተለ፤ እሱም እንዲያው አለኝ። ልጆቹ ጩኸቴን ቆርጠው የአዲስ ዘፈን አዝማች አድርገውት ኖሯል። ዘፈኑ በፍላሽ ከባጃጅ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ሚኒባስ፣ ከሚኒባስ ወደ አይሱዙ ተላልፎ ሞጆ ደረሰ፤ መቂ ደረሰ፤ ባቱ ደረሰ፤ በአሰላ መንገድ ሁሩታ ገባ። ደጋፊዎቹ ለራሳቸው «ጆሮዎች» የሚል ስም አወጡ። ሲገናኙ ከመጨባበጥ ይልቅ የየራሳቸውን ጆሮ ይዘው ይጎትታሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ ከተማው ሁሉ የጆሮ ሕመም የገባ መስሎኝ ለቢኒያም «ጠብታ አዘጋጅ» ብዬው ነበር።

ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ድምፄን ከዘፈኑ እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ ማን መሆንዎን ማንም አያውቅም እኮ» አሉኝ። እውነት ነው፤ ማንም አያውቅም ነበር። ቡልቡላ እስክሄድ ድረስ።

ቡልቡላ የሄድኩት አክስቴ ታማ ልጠይቃት ነበር። ጠይቄያት፣ ለመመለስ መናኸሪያ ስደርስ አንድ ረዳት «አዳማ! አዳማ!» እያለ ቦርሳዬን ከእጄ ነጥቆ ሚኒባስ ላይ ጫነው። ልገባ ስል ሌላው ረዳት «እሱ ወደ ሻሸመኔ ነው፣ አትግባ» አለኝ። ሚኒባሱ ቦርሳዬን ይዞ ተንቀሳቀሰ። በቦርሳው ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒቴ፣ መነጽሬና የአክስቴ ስጦታ አንድ ሙሉ ዱባ አለ። ሮጥኩ። ከዚያ ከዚያው ከማላውቀው ቦታ እንደገና ወጣ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ቦርሳዬን መልሱልኝ!»

መናኸሪያው ቀጥ አለ። ሚኒባሱም ቆመ። ሽንኩርት ሲያስጭን የነበረ፣ እንደ መብራት ምሰሶ የረዘመ ሰውዬ ጆንያውን ጣለና ጆሮውን ያዘ።

«ዋቃዮ!» አለ። «እሱ ነው! ድምፁ እሱ ነው!»

ሰውዬው ቶላ ይባላል፤ የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ በቡልቡላ የጆሮዎች አለቃ እሱ ነው። ከመሬት አንሥቶ አቀፈኝ። «ኦቦ፣ እኔ ሚስቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ቀበሌ ሄጄ ጮኼ አላውቅም፤ ደላላ ሲያታልለኝ ጮኼ አላውቅም። ያንተን ዘፈን ከፍቼ ግን መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ እጮሃለሁ። ገለቶማ!» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔም መልሼ አመሰገንኩት። አጠገቤ ቆሞ፣ ሁለታችንም ጆሯችንን ይዘን፣ በስልኩ ፎቶ ተነሣን። የሰው ደግ ነው፤ ቦርሳዬንም አስመለሰልኝ። ግን አዳማ ከመድረሴ በፊት ፎቶው ደርሷል።

ዓርብ ዕለት የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ወይዘሮ ሙሉ ቢሮ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ስም የሌለው የአቤቱታ ደብዳቤ አለ። አንድ ለትውልድ አሳቢ የጻፈው ነው፤ ተማሪን ስለ ጸጥታ የሚያስተምር ሰው በየባጃጁ መጮኹ ለሥነ ምግባር እንዴት ነው ይላል።

«እርስዎ ነዎት?» አሉኝ ወይዘሮ ሙሉ በመነጽራቸው አናት።

«ማለቴ... ድምፁ... ሳላውቅ...»

«አልሰማሁዎትም።»

«ሳላውቅ ነው» አልኩ፤ አሁንም አልሰሙኝም።

«እስከ ሰኞ መልስዎን በጽሑፍ ይዘው ይምጡ። ድምፁ ያለ ፈቃድዎ እንደተወሰደና እንደሚነሣ ልጆቹ ይፈርሙልዎ። ካልሆነ ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ይሄዳል።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጡረታዬ ሩቅ አይደለም። የቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያዎች እንጨታቸውን ከመምረጥ ጀምሮ በእጄ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ ደብዳቤውን አሳምሬ ጻፍኩ። ቅዳሜ ላስፈርም ሰርቪሷ ስሄድ ግን ቁልፍ ነው። በሩ ላይ «ሶደሬ ነን፣ እሁድ ከሰዓት። ነገ ተመለሱ» የሚል ወረቀት አለ። ይህን አንብቦ መቼ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።

እሁድ ከቸርች በቀጥታ ልሄድ ስነሣ አስቴር ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«እኔም እመጣለሁ። ከሥራ የምትባረር ከሆነ፣ ቢያንስ ሶደሬን አይቼ ትባረር።»

ሶደሬ ስንደርስ ከፍል ውኃው በታች፣ ከዛፎቹ ሥር ያለው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። ከሁሩታ በአውቶቡስ፣ ከመቂና ከቡልቡላ በአይሱዙ መጥተዋል። አንድ አይሱዙ ጎኑን አውርዶ መድረክ ሆኗል፤ ከኋላው ጄኔሬተር ያጓራል። እናቶች ከዋና የወጡ ልጆቻቸውን በፎጣ ጠቅልለው ቆመዋል፤ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ጆሯቸውን ይዘዋል። ልጆቹ ዘፈናቸውን ጀምረዋልና እስኪጨርሱ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ደብዳቤዬን ለመንገድ ከያዝነው ዳቦ ጋር በአንድ ፌስታል አስቀምጬ ነበር። ስሕተት ነበር። አንድ ጦጣ ከላይ ወረደና ፌስታሉን ይዞ ወጣ። ዳቦውን በላ። ደብዳቤውን ከፖስታው አውጥቶ ፊት ለፊት ይዞ፣ ገልብጦ፣ አሽትቶ፣ አንዱን ጫፍ ቀመሰና ፊቱን አኮሳትሮ ወደ አዋሽ ወረወረው። አስቴር እስክታነባ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ሰኞ ምን ይዤ እንደምገባ ነበር የማስበው።

ሳቋን ያቋረጣት አንዲት ሴት ናት። ጸጉሯ እንደረጠበ፣ አንድ እግሯ ባዶውን፣ እየሮጠች መጥታ የአስቴርን ክንድ ያዘች።

«እናንተዬ፣ ልጄን አይታችኋል? አራት ዓመቷ ነው። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ልብስ ልለብስ ዞር ከማለቴ... ቢፍቱ! ቢፍቱዬ!» ድምፅዋን ጄኔሬተሩና ጊታሩ ዋጡት። ከአጠገቧ የቆሙት እንኳ አልሰሟትም።

እኔና አስቴር እኩል ወደ ወንዙ አየን። አዋሽ ከሜዳው መቶ እርምጃ አይርቅም፤ አዞ እንዳለበት የማያውቅ የለም። ሳቁም፣ ደብዳቤውም፣ ሰኞም ሁሉም ከሐሳቤ ጠፋ። አንድ ዘበኛ በወንዙ ዳር እየሮጠ ወረደ። እኔ ወደ አይሱዙው ሮጥኩ።

ጎማውን ረግጬ መድረኩ ላይ ስወጣ ሐያት አየችኝና ዓይኗ በራ። ሕዝቡም አየኝ። እንዲህ ያለ ጩኸት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሐያት ማይኩን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ዝም በሉ!» አልኩ።

«ዝም በሉ!» አለ ሕዝቡ፣ እየዘለለ።

«ኧረ ልጅ ጠፍታለች!»

«ኧረ ልጅ ጠፍታለች!» ገመቹ ሲሊንደሩን ሁለቴ መታ፤ አዲስ ዘፈን መስሎታል።

«ቀልድ አይደለም!»

«ቀልድ አይደለም!»

እንዲህ እየተሰማ እንዲህ ያልተደመጠ ሰው ኖሮ አያውቅም። ከታች የቢፍቱ እናት ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ያን ፊቷን እስካሁን አልረሳሁም። ማይኩን ልጥለው ነበር። የዚያን ጊዜ አስቴር ከመድረኩ ሥር ሆና ነጠላዋን እያወናጨፈች ጮኸችብኝ።

«አንተ ሰውዬ! ልክ እንደ መዝሙር! ስንኝ በስንኝ አስጠናቸው!»

ገባኝ። የምለውን ሁሉ ከደገሙ፣ ሊሉት የሚገባውን ልስጣቸው።

«ስሟ ቢፍቱ!» አልኩ።

«ስሟ ቢፍቱ!»

«አራት ዓመቷ!»

«አራት ዓመቷ!»

«ቢጫ ቀሚስ!»

«ቢጫ ቀሚስ!»

«ከጎናችሁ እዩ!»

«ከጎናችሁ እዩ!» አሉና፣ ይህን ጊዜ አንዳንዱ እውነትም ከጎኑ ያይ ጀመር። ሐያት የእናትየዋን ፊት አየች፤ ገባት። እጇን ስታነሣ ቢኒያም ጊታሩን ተወ፤ ገመቹ ግን ቀስ እያለ ልክ እንደ ልብ ትርታ መምታቱን ቀጠለ። «ስሟ ቢፍቱ! አራት ዓመቷ! ቢጫ ቀሚስ!» ሜዳው፣ ዛፉ፣ ፍል ውኃው ሁሉ ስሟን ይጠራል። ከገንዳው የወጡ ሰዎች በፎጣቸው ይጠራሉ። በወንዙ ዳር የሚሮጡት ዘበኞች ይጠራሉ። ስድስት ጊዜ አዞርነው። ሰባት ጊዜ። ጉሮሮዬ ደም ደም አለኝ።

በስምንተኛው ላይ ነው ያየሁት። ከሁሉም ኋላ፣ ከዛፎቹ አጠገብ፣ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ አንድ ቢጫ ነገር ይዘላል። አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ሁለት ጡጫዋን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ከሁሉም በላይ ትጮሃለች።

«ስሟ ቢፍቱ! አራት ዓመቷ!»

ከሥሯ፣ የቀሚሷ ጫፍ ዓይኑን የጋረደው አንድ የመብራት ምሰሶ የሚያህል ሰውዬ ከልቡ ይመልሳል፤ «ቢጫ ቀሚስ! ቢጫ ቀሚስ!»

«ቶላ!» አልኩ። «ቶላ፣ ትከሻህ ላይ!»

«ቶላ፣ ትከሻህ ላይ!» አለ ሕዝቡ። ቶላ ስሙ በዚያ ሁሉ ሰው አፍ ሲጠራ ሲሰማ ደስታውን አልቻለም፤ ጭራሽ ዝላዩን ጨመረ። ልጅቷም አብራ ዘለለች። አስቴር ናት ሰዉን በክርኗ ሰንጥቃ ሄዳ ልጅቷን ያወረደችው።

ለካ ቶላ ልጅቷን ከእግር መሃል ስታለቅስ አገኛት። «እናትሽ ከሩቅ እንድታይሽ» ብሎ ትከሻው ላይ አወጣት። እስኪ ምን አጠፋ? በጣም ትክክለኛ ነገር ነው ያደረገው። ከዚያ እኔ መድረክ ላይ ወጣሁና፣ ሰውዬው ሌላውን ሁሉ ረሳው።

እናትየዋ ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ጸጉሯን ታሸት ነበር። ከዚያ ተነሥታ ቶላን በርጥብ ፎጣ ሦስት ጊዜ መታችው። ከዚያ ጉንጩን ሳመችው። ቢፍቱ ግን ከዚያ ትከሻ መውረዷ እንጂ ሌላው ነገር አልገባትም፤ ያለቀሰችው ለዚያ ነው። እኔም ከመድረኩ ወርጄ ከጎማው ኋላ ሰው ሳያየኝ አለቀስኩ። አስቴር አገኘችኝ። አጠገቤ ቁጭ አለችና እጄን ያዘች። «ይህን ድምፅ ሃያ ዓመት የት ደብቀኸው ነው ከእኔ ጋር የምትኖረው?» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። አየር ብቻ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ደብዳቤም የለኝ፤ ባዶ እጄን ወይዘሮ ሙሉ ፊት ቆምኩ።

«መልስዎ?» አሉኝ።

«ሂ» የሚል ነገር ወጣኝ፤ እንደ በር ማጠፊያ።

«ይቅርታ?»

«ሂ...ሂ።»

ወይዘሮ ሙሉ መነጽራቸውን አውልቀው በአዘኔታ አዩኝ። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «እስኪ ይህን ሰው እዪው! ይሄ ነው ኦሮሚያን በጩኸት ያወከው? የሰው ምቀኝነት እኮ አያልቅም። ጻፊ፤ አቤቱታው መሠረተ ቢስ ሆኖ ስለተገኘ ተዘግቷል።»

ነጻ ወጣሁ ማለት ነው። መሳቅ፣ እጅ መንሣትና መውጣት ነበረብኝ። ግን እግሬ አልሄድ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልሰማኝም፤ አሁን ሰው ሁሉ ሲሰማኝ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት «እሱ አይደለም» ሊል ነው? ራሴን ነቀነቅሁ። ደረቴን መታሁ። «ሂ! ሂ!» አልኩ።

«አይዞዎት፣ ገብቶኛል፣ እንዲህ ስምዎን ማጥፋታቸው ያሳዝናል» አሉኝ ወይዘሮ ሙሉ።

ከጸሐፊዋ እጅ እስክሪብቶውን ቀማኋትና፣ በአቤቱታ ደብዳቤው ግርጌ በትልቁ «ድምፁ የእኔ ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። ቀኑንም አደረግሁበት።

ወይዘሮ ሙሉ አነበቡት። ቀና ብለው አዩኝ። እንደገና አነበቡት። እኔም ይቺ እንጀራዬ አለቀች ብዬ፣ መደርደሪያዎቼን አንድ በአንድ በልቤ ተሰናበትኳቸው። ወይዘሮዋ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከውጭ ለጠዋት ሰልፍ የወጣው ተማሪ እንደ ገበያ ይንጫጫል፤ ምክትል ዳይሬክተሩ መሃል ሜዳ ላይ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል፣ አንድም የሚሰማው የለም።

«የሰልፍ ማይካችን ከተቃጠለ ስንት ጊዜው ነው?» አሉ ወደ ጸሐፊዋ ሳይዞሩ።

«ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ነው» አለች።

ወይዘሮ ሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ጉሮሮዎ መቼ ይድናል?» አሉኝ።

ሦስት ጣቴን አሳየኋቸው።

«እንግዲያው ከሐሙስ ጀምሮ የጠዋቱን ሰልፍ እርስዎ ያስጀምራሉ። ማይኩ እስኪሠራ ድረስ ብቻ ነው።»

ይኸው በየጠዋቱ ባንዲራው ሥር ቆሜ ተማሪውን ሁሉ በአንድ ቃል ቀጥ አደርጋለሁ። ማይኩን የሚያሠራ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ባለፈው ሳምንት ገመቹ «ጋሼ፣ እኔ በአንድ ሰዓት እጠግነዋለሁ» አለኝ። ሻይ ቀዳሁለትና ወሬ አስቀየርኩት።